በሁለት በረራ መካከል ያለ ቀን፦ ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ቁልቁል

ማለዳ ቦሌ ደርሶ ቀጣዩ በረራው ማታ የሆነ መንገደኛ ከተማ ልይ ብሎ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል አደባባይ ይጀምራል። ቅርብ ነው፤ ስሙንም ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ እያለ ሽቅብ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ትንፋሹ ያጥራል፤ ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርስ እግሩ ዝሎ ድንቅነሽን ቆሞ የሚያይበት ጉልበት አይቀረውም። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእንጦጦ በኩል የሚመጡት ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ መሐሏን ሰንጥቀው ወደ አቃቂ እንደሚወርዱ ሁሉ፣ መንገደኛውም ከላይ ወደ ታች ቢሄድ ነው የሚያዋጣው። በመኪና ስድስት ኪሎ ይውጡ፣ በእግር ቁልቁል ይውረዱ። መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ቦሌ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀርዎታል።

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ

ከቤትዎ ሳይነሱ ይህን ሒሳብ ይሥሩ። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ብር መንዝሮና ሲም ካርድ አውጥቶ መኪና ውስጥ ለመግባት 1 ሰዓት ተኩል። በጠዋቱ መጨናነቅ ከቦሌ ስድስት ኪሎ ለመድረስ 1 ሰዓት። ማታ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ለመመለስ 1 ሰዓት ተኩል። ዓለም አቀፍ በረራ ከሆነ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ ተርሚናል መገኘት። ለማይታሰበው ነገር ግማሽ ሰዓት። ድምሩ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ካለው ጊዜ ይህን ይቀንሱ፤ የተረፈው የከተማ ጊዜዎ ነው። ቀጣዩ በረራ ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም ሌላ የአገር ውስጥ መዳረሻ ከሆነ 2 ሰዓት ቀድሞ ተርሚናል መድረስ ስለሚበቃ 6 ሰዓት ተኩል ይቀንሱ።

በምሳሌ፦ ከጠዋቱ 1:00 ያረፈና ከምሽቱ 4:30 የሚነሳ ሰው 15 ሰዓት ተኩል አለው። 7 ሰዓት ተኩል ሲቀነስ 8 ሰዓት ይቀረዋል፤ ማለትም ከጠዋቱ 3:30 ስድስት ኪሎ ደርሶ ከቀኑ 11:30 መስቀል አደባባይ መኪና ውስጥ መግባት አለበት። ከታች ያለው ጉዞ የተለካው በዚህ ነው። ያለዎት 8 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ለከተማ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ተርሚናል ውስጥ አረፍ ቢሉ ይሻላል። 11 ሰዓት ካለዎት 3 ሰዓት ተኩል ይተርፋል፦ ብሔራዊ ሙዚየምን አይተው፣ አራት ኪሎ ምሳ በልተው በመኪና መመለስ ነው የሚቻለው።

ቀን ከሚያበላሹ ስህተቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚወድቅበት የሰዓት አቆጣጠር ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ሹፌሩ፣ ዘመድዎና የሙዚየሙ በረኛ የሚነግሩዎት ግን በእኛ ነው። ቲኬቱ 22:30 ካለ ከምሽቱ 4:30 ነው። 10:30 ካለ ደግሞ ከጠዋቱ 4:30 ነው እንጂ ከቀኑ 10:30 አይደለም። ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈው ኪስዎ ይክተቱት። ለሹፌር ሲነግሩም «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን አይዝለሉ።

ቀኑን ራሱንም ይመርምሩ። መስከረም 16 ደመራ የሚለኮሰው መስቀል አደባባይ ነው፤ በጥር 10 እና 11 የጥምቀት ታቦታት ጃን ሜዳ ስለሚያድሩ የስድስት ኪሎ ዙሪያ ለመኪና ይዘጋል። በመስከረም መጨረሻ ላይ የኢሬቻ በዓል፣ በኅዳር ታላቁ ሩጫ፣ በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ከቦሌ እስከ መሐል ከተማ መንገድ ያዘጋሉ። በእነዚህ ቀናት ለመመለሻ ከመደቡት ጊዜ ላይ ቢያንስ 1 ሰዓት ይጨምሩ።

ከተርሚናል ሲወጡ

ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው መዳረሻ መላኩን ገና በመነሻው አየር ማረፊያ የተሰጥዎትን መለያ አይተው ያረጋግጡ። የተጻፈበት የመጨረሻው ከተማ ኮድ ከሆነ ቦሌ ላይ አይጠብቁት። ሁለቱን በረራዎች በተለያየ ቲኬት ከቆረጡ ግን ሻንጣውን ቦሌ ላይ ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ አለብዎ። ያኔ ሻንጣውን የሚያስቀምጥልዎ ዘመድ ወይም ሆቴል ከሌለ ይህ የእግር ጉዞ አይሆንም፤ ሻንጣ እየጎተቱ ኮረብታ አይወረድም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሌላው ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት ቪዛ ያውጣ።

ብር ለአንድ ቀን የሚበቃዎትን ብቻ ይመንዝሩ፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ዝርዝር አድርገው ይቀበሉ። መግቢያ ትኬት የሚቆርጥልዎ ሰው ትልቅ ኖት ሲያይ መልስ ፍለጋ ይሄዳል፤ ጊዜዎም ከእሱ ጋር ይሄዳል። የአገር ውስጥ ስልክ ካለዎት ቴሌብር ይህን ይፈታል። ሲም ካርድ ለማውጣት ፓስፖርት ያስፈልጋል።

የሚቀበልዎ ሰው ተርሚናል ውስጥ አይገባም፤ የሚጠብቀው ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ራይድ ሲጠሩም ሹፌሩ የሚመጣው ወደዚያው ነው። መተግበሪያው እምቢ ካለ 8294 ይደወላል። በር ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» ብሎ ሻንጣ የሚቀበልን ሰው ዋጋ ሳይስማሙ አይከተሉ። መድረሻውን «ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና በር» ብለው ይንገሩ። የመንገድ ስም መጥቀስ አይጠቅምም፤ እዚህ ሰው የሚግባባው በምልክት ነው።

ልብስ ላይ፦ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። የሚወልቅ ሹራብ፣ ባርኔጣ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ እና ሶሉ የማያንሸራትት፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይበቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የአየር ማረፊያው ፍተሻ ላይም ጫማ ማውለቅ አለና። ሴቶች ነጠላ ይያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ጃንጥላ ይጨምሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳር አገር የመጣ ሰው ቁልቁል እየሄደም ቢሆን ራሱን ሊያመው ይችላል። መፍትሔው ቀስ ማለትና ውሃ መጠጣት ነው።

ስድስት ኪሎ፦ ከ3:30 እስከ 5:00

ከመኪና እንደወረዱ መጀመሪያ አደባባዩ መሐል ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይዙሩ። ዙሪያውን ያሉት የነሐስ ቅርጾች ሳይነበቡ የሚታለፉ አይደሉም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ3 ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ወረደ፤ በኢትዮጵያ በኩል የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ሐውልቱን አይቶ ወደ ግቢው የገባ ሰው የሚረግጠው ያንኑ መሬት ነው። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የማንመክረው።

ገነተ ልዑል በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። በሩ ላይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ ትቶ የመጣ ሰው ከዚህ በር ይመለሳል።

ሕንፃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ፊት ለፊት ያለውን ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ይፈልጉ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ያቆሙት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል።

ውስጡ የተደራጀው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የየብሔረሰቡ ዕቃ በዚህ ቅደም ተከተል ስለተቀመጠ የሐመር እና የአማራ የልጅ ዕቃ ጎን ለጎን ይታያል። ከዚያ ላይ የንጉሡና የንግሥቲቱ መኝታ ክፍሎች፣ ሥዕለ አድኅኖዎች፣ መስቀሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። ጊዜ ካጠረዎት ከታች ቸኩለው ላይኛው ላይ ይቆዩ።

ሽሮ ሜዳ ለሀበሻ ልብስ መሄድ የሚፈልግ ሰው ካለ ማድረግ ያለበት አሁን ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በኩል ሽቅብ ስለሆነ በመኪና ይሂድ፤ 1 ሰዓት ይወስድበታል። ያንን ሰዓት ከምሳው ሳይሆን ከሙዚየሙ ይቀንስ።

ድንቅነሽ ዘንድ፦ ከ5:15 እስከ 6:15

ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ አምስት ኪሎ በእግር 15 ደቂቃ ቁልቁል ነው። ብሔራዊ ሙዚየም በስተቀኝዎ ያገኙታል። የመግቢያ ዋጋው ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ይለያያል፤ መታወቂያዎን ያሳዩ።

በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ይውረዱ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ እዚያ ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፣ ከአጽሟም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጽም ለጥበቃ ተቀምጧል። ይህን ሰምቶ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ሊለው ግን አይገባም። ቅጂው የተሠራው ከራሱ አጽም ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከምናምን መሆኑን፣ የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ግን ቀጥ ብላ መሄዷን እንደሚናገር ቆመው ሲያዩት ሌላ ነገር ነው። ከልጆች ጋር ከሆኑ ቁመታቸውን ከእሷ ጋር እንዲያስተያዩ ይፍቀዱላቸው። ቀጥሎ የዲቂቃዋን ሰላምን ይፈልጉ፤ የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ስትሆን ከድንቅነሽ ትቀድማለች።

ከላይ ባሉት ወለሎች የአክሱም ቅርሶች፣ የነገሥታት አልባሳት፣ ግዙፉ የእንጨት ዙፋንና ሥዕሎች አሉ። 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። መጸዳጃ ቤት እዚህ ይጠቀሙ፤ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ ምሳ ቤቱን ካልቆጠሩ እንደልብ አይገኝም።

ምሳ አራት ኪሎ

ከሙዚየሙ 10 ደቂቃ ቁልቁል ሄደው የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ያለበት አራት ኪሎ ይደርሳሉ። የተማሪና የሠራተኛ ሰፈር ስለሆነ ምግብ ቤት አይጠፋም። ከ6:30 እስከ 7:30 ቢሮዎች ለምሳ ስለሚወጡ ወረፋ አለ፤ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ቢገቡ ወንበር ያገኛሉ።

ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የዐቢይ ጾም ከሆነ ብዙ ቤት የጾም ብቻ ይሠራል። በየዓይነቱ ይዘዙ፤ ቶሎ ይመጣል፣ ሆድም አይከብድም። በፍስክ ቀን ጥብስ ወይም ሽሮ ፈሰስ ይሻላል። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ከብዙ ጊዜ በኋላ አገር የገባ ሰው የሚናፍቀው ነገር ቢሆንም በረራ በሚቀርበው ቀን አይሆንም። ሆድ ቢያውክ የሚያውከው አየር ላይ ሳሉ ነው። የሚያምርዎ ከሆነ ሲመለሱ ይብሉት፤ ዛሬ የግድ ከሆነ በደንብ የበሰለ ይሁን። ቡና አይለፉት።

ሥላሴና በዓታ፦ ከ8:00 እስከ 9:30

ከአራት ኪሎ ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ያረፉት በ1993 ዓ.ም. ነው። ግቢው ውስጥ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገተችው የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብርና የአርበኞች መቃብሮች አሉ። ሕንፃው በእድሳት ምክንያት ተዘግቶ ቢያገኙት እንኳ ለግቢው ብቻ መምጣት ያስቆጫል ማለት አይደለም።

በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጎብኚ ሆነው መግባት አይችሉም። ያኔ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ይቁሙ። በሥዕልና በመቃብር ፊት ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከሥላሴ ብዙም አይርቅም፤ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ጀርባ ነው። ከጉዞው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው። ከወለሉ ሥር ባለው ምድር ቤት አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ አርፈዋል። ወደ ምድር ቤቱ የሚያስገባውን መዝጊያ የሚከፍተው የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ስለሆነ እሱን አስፈልገው ይጠይቁ፤ ደርሶ «ዝግ ነው» ብሎ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው። ደረጃው ቀጥ ያለና ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት ያብሩ።

ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ ዳር ሰፍረው፣ በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚህ መቃብር ወጥተው ቀጥለው የሚወርዱት ወደዚያው ፍል ውሃ አቅጣጫ ነው።

አንድነት ፓርክን እዚህ ላይ መጨመር የሚያምራቸው አሉ፤ በሩ ቅርብ ነውና። ግቢው ግን በትንሹ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ከገቡ ሁለቱን ሙዚየሞች መተው አለብዎ። ፒያሳ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም ለሌላ ቀን ያቆዩት። መርካቶ ደግሞ በትራንዚት ቀን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የገባ ሰው በሰዓቱ መውጣቱን ማንም አያረጋግጥለትም።

ቁልቁለቱ፦ ከ9:30 እስከ 10:30

ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር ጋር ወርደው፣ በሂልተን አጠገብ፣ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና በአፍሪካ አዳራሽ መካከል አልፈው መስቀል አደባባይ ይደርሳሉ። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ቤተ መንግሥት፣ ወታደርና የጥበቃ በር ፎቶ አይነሳም። አጥር ሥር ቆሞ ስልክ ማውጣት ብቻውን ጥያቄ ያስከትላል፤ የመንገድ ካርታ ማየት ካስፈለገዎት መንገድ ተሻግረው ይዩ።

በአፍሪካ አዳራሽ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቷል፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም የመስታወት ሥራም ውስጥ ነው። ቀድሞ ቀጠሮ ያልያዘ ሰው ግን ከበሩ አያልፍም፤ ቀጠሮ ካለዎት ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ለእሱ ይስጡ፤ ሥላሴን ዘለው በዓታን ብቻ ይዩ።

ክረምት ከሆነና ሰማዩ ከጠቆረ ይህን ክፍል በመኪና ይውረዱ። የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ያለው ሰው ደግሞ ፍተሻ ላይ መቆሙ ይከብደዋል።

ሰው በበዛበት ቦታ ልብስዎ ላይ የሆነ ነገር ያፈሰሰብዎና «ይቅርታ፣ ልጥረግልዎት» የሚል ሰው ካጋጠመዎት እጅዎ ኪስዎ ላይ ይሁን። የሚጠርገው አንዱ፣ ስልኩን የሚወስደው ሌላው ነው። ሳይቆሙ ይለፉ።

መስቀል አደባባይና መልስ

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አደባባዩ ዳር ነው። ሲደርሱ መጀመሪያ የመዝጊያውን ሰዓት ይጠይቁ፤ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። የሟቾች አጽምና ፎቶግራፍ ስላለበት ትናንሽ ልጆችን ይዘው አይግቡ፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ ደረጃው ላይ አብሯቸው ይቀመጥ።

መኪናውን 11:15 ላይ ይጥሩ፤ 11:30 ላይ አይደለም። ከ10:30 እስከ ምሽቱ 1:30 የቦሌ መንገድ የሚሞላበት ሰዓት ስለሆነ ሹፌሩ ራሱ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። አደባባዩ ሰፊ ስለሆነ «መስቀል አደባባይ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ «እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በር» ብለው አንድ ነጥብ ይስጡ።

ስጦታ ገዝተው ከሆነ መኪናው ውስጥ ሳሉ ይለዩት። ማር፣ ቅቤና አዋዜ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ በእጅ ቦርሳ አያልፍም፤ የተመዘገበ ሻንጣ ከሌለዎት ለተቀባዩ ዘመድ ይተዉት። የተቆላ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ እንደ ፈሳሽ አይቆጠሩም። የብራና መጽሐፍ ወይም አሮጌ መስቀል ያለ ቅርስ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ሻጩ «ምንም አይልም» ቢልዎ አይመኑት።

ቦሌ ተርሚናሉ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ቀበቶና ጫማ ይወልቃል። ከዚያ ትኬት፣ ከዚያ ኢሚግሬሽን፣ ወደ አውሮፕላን ሊገቡ ሲሉ ደግሞ ሁለተኛ ፍተሻ። የውሃ ጠርሙሱን ከሁለተኛው በፊት ባዶ ያድርጉት። ፓስፖርቱን ቀኑን ሙሉ በነበረበት ኪስ ይመልሱት።